ወፍጮአችን ዱቄቱን ለምን አቃጠለው?

በቺንጋ ስለተያያዙ ሁለት መንኮራኩሮች



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ወፍጮ ነው። ሞተሩንና ወፍጮውን ስለሚያያይዘው ቺንጋ፣ ቺንጋውም ስለሚዞርባቸው ሁለት የብረት መንኮራኩሮች ነው። መካኒኮች ይህንን መንኮራኩር ፑሌጃ ይሉታል። ነገሩ ሒሳብ አለበት። ግን አትፍሩ። የሚያስፈልገው ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው፤ እሱንም ተምራችኋል። ሌላው የሚያስፈልገው አንድ ሲባጎና የእጃችሁ ስንዝር ነው።

ይህንን የምጽፈው አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም። ስለተሳሳትኩ ነው። በእኔ ስሕተት አንድ ሰው ከሥራው ሊባረር ነበር። ስለዚህ እናንተም ወፍጮ ካላችሁ ወይም ልትገዙ ካሰባችሁ አንብቡት። ማንበብ ለማይችለውም አንብቡለት።

ነገሩ እንዲህ ነበር

ፊደል ላስቆጥር በዘመትኩበት ቀበሌ ማኅበሩ አንድ የናፍጣ ወፍጮ አለው። ወፍጮው ሳይመጣ በፊት ሴቶች በዶሮ ጩኸት ተነሥተው በእጅ ወፍጮ፣ በመጅ ይፈጩ ነበር። ወገባቸው ይቆረጥ ነበር። ወፍጮው ከመጣ ወዲህ ግን እህሉን ያስመዝኑና ወረፋ ይይዛሉ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዱቄታቸውን ይዘው ይገባሉ።

አንድ ቀን በወፍጮው በኩል ያለው መንኮራኩር ተሰነጠቀ። ሊቀመንበሩና ሁለት የኮሚቴ አባላት ሌላ ለመግዛት ወደ ከተማ ሲወርዱ እኔንም አስከተሉኝ። ነጋዴው ሁለት መንኮራኩር አወጣልን። አንዱ የተሰበረውን ያህል ትልቅ ነው። አንዱ ትንሽ ነው። ትንሹ ዋጋው ቀነስ ይላል፤ በበቅሎ ለመጫንም ይቀላል። ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሩና፦

«አስተማሪ፣ የተማርከው አንተ ነህ። የቱ ይሻላል?» አሉኝ።

እኔም መሐል ለመሐል ያለውን ቀዳዳ አየሁ። እኩል ነው። «ሁለቱም ይገጥማሉ። በርካሹን እንውሰድ» አልኳቸው። ስለ መንኮራኩር በትምህርት ቤት ተምሬአለሁ፤ ፈተናውንም አልፌአለሁ። ሱቁ ውስጥ ግን ትዝም አላለኝ።

መንኮራኩሩ ተገጠመ። በመጀመሪያው የገበያ ቀን ወፍጮው እንደ ነፋስ ከነፈ። አንዱ ጆንያ ሳይወርድ ሌላው ይጠራል። ወረፋው ቶሎ አለቀ። ሰው ተደሰተ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምስጋናም ተቀበልኩ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። አንዲት እናት እጃቸውን ወደ ጆንያው ከተቱና ወዲያው መለስ አደረጉት።

«ልጄ፣ ይሄ ዱቄት ነው ወይስ ከምጣድ የወረደ ቆሎ?» አሉ።

ዱቄቱ ይፋጃል። ይሸታልም። ሊጡ እንደ ልማዱ አልኮመጠጠም፤ እንጀራውም ዓይን አላወጣም አሉ ሴቶቹ። በወር ሁለቴ ይወቀር የነበረው ድንጋይ በየሳምንቱ መወቀር ጀመረ። ሞተሩ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ናፍጣው ቶሎ ያልቃል። ቺንጋው የተቃጠለ ጎማ ይሸታል። በሁለተኛው ወር የወፍጮው ኩሽኔታ ተቃጠለና ወፍጮው ቆመ።

ስብሰባ ተጠራ። ጥፋተኛ ተፈለገ። «የወፍጮ ሠራተኛው ዘይት አይቀባም» አለ አንዱ። «ናፍጣውን እየሸጠው ነው እንጂ ድሮ ይሄን ያህል አይጨርስም ነበር» አለ ሌላው። ሠራተኛው ቆሞ፦

«ሞተሩን እንደ ድሮው ነው የማስነሣው። ዘይቱንም ሳልቀባ ውዬ አላውቅም። እኔ ምን ላድርግ? ወፍጮው አብዷል» አለ።

የሰማው የለም። ከሥራው ይውጣ፣ የኩሽኔታውንም ዋጋ ይክፈል የሚል ሐሳብ ቀረበ። ውሳኔው ለሳምንት ተቀጠረ። ሠራተኛው ሚስትና ሦስት ልጆች አሉት። እኔም እዚያው ተቀምጬ ዝም አልኩ።

አባባ ቁጥሩን አነበቡ

በማግሥቱ ከትምህርት በኋላ አንድ ሽማግሌ ተማሪዬ ወደ ኋላ ቀሩ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል። እኔ «አባባ» እላቸዋለሁ፤ እሳቸው እየሳቁ «የኔታ» ይሉኛል።

«የኔታ፣ ቁጥር አስተምረኸናል» አሉኝ። «ወፍጮው ላይ የተመታች አንዲት ቆርቆሮ አለች። ቁጥር አለባት። ና እስቲ እናንብባት።»

ሄድን። አባባ በጋቢያቸው ጫፍ ዘይቱንና ዱቄቱን ጠረጉ። ጣታቸውን በቁጥሩ ላይ አስኬዱ። «አምስት… ዜሮ… ዜሮ። አምስት መቶ!» አሉ። ሞተሩም ላይ እንዲሁ ቆርቆሮ አለ። «ስድስት… ዜሮ… ዜሮ። ስድስት መቶ!» አሉ። ፊደሉ የፈረንጅ ነው። ቁጥሩ ግን በጥቁር ሰሌዳችን ላይ የጻፍነው ያው ቁጥር ነው።

ፊደሉን እኔ አነበብኩላቸው። ሞተሩ በአንድ ደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል ይላል። ወፍጮው ደግሞ በአንድ ደቂቃ 500 ጊዜ እንዲዞር ነው የተሠራው።

አባባ ጥቂት አሰቡና እንዲህ አሉኝ፦

«ሁለቱን የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነው። ሞተሩ ስድስት መቶ ከዞረ ወፍጮው እንዴት አምስት መቶ ይዞራል? መቶውን ማን ቀነሰው?»

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። መቶውን የሚቀንሰው የመንኮራኩሩ ትልቅነት ነው። እኔ ደግሞ ትልቁን በትንሽ አስለውጫለሁ።

በመጀመሪያ ስለ አውድማው በሬ

ሒሳቡን ከመሥራታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ፍጥነት ሁለት ዓይነት ነው። ይህንን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ አውድማ ላይ አይታችሁታልና።

በሬዎች ጎን ለጎን ታስረው ሲያበራዩ አንዱ በውስጥ፣ በመሐሉ አጠገብ ነው። አንዱ በዳር ነው። ዙሩን የሚጨርሱት አብረው ነው። የውስጡ አሥር ጊዜ ሲዞር የዳሩም አሥር ጊዜ ይዞራል። ታዲያ ቶሎ የሚደክመው የትኛው ነው? የዳሩ ነው። ለምን? በዚያው ዙር ብዙ መንገድ ስለሚሄድ ነው። የውስጡ ዝግ ብሎ ሲራመድ የዳሩ ይጣደፋል።

እንግዲህ አንደኛው ፍጥነት «ስንት ጊዜ ዞረ?» የሚለው ነው። ይህንን የዙር ብዛት እንበለው። ሁለተኛው «ዳሩ ምን ያህል መንገድ ሮጠ?» የሚለው ነው። ይህንን የዳር ሩጫ እንበለው።

የአንድ መንኮራኩር ዳር በአንድ ዙር የሚሄደውን መንገድ ለማወቅ ስፋቱን ከዳር እስከ ዳር በመሐሉ አሳልፎ መለካት ነው። ያንን በ3.14 ማባዛት ነው። ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ዳሩ በአንድ ዙር 94 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። በደቂቃ 600 ጊዜ ሲዞር 565 ሜትር ያህል ይሆናል። ቺንጋው በአንድ ደቂቃ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል ማለት ነው። እንደሚጋልብ ፈረስ ቁጠሩት።

አሁን ወደ ሁለቱ መንኮራኩሮች እንምጣ። ቺንጋው አንድ ነው። ካልተንሸራተተ በቀር ከሞተሩ መንኮራኩር የወጣውን ያህል በወፍጮው መንኮራኩር ላይ ያልፋል። መሐል ላይ የሚጠፋ የለም። ስለዚህ የሁለቱ የዳር ሩጫ እኩል ነው። የዙራቸው ብዛት ግን እኩል አይደለም።

አባትና ልጅ እጅ ለእጅ ተያይዘው ገበያ ሲሄዱ አይታችሁ የለም? መንገዱ አንድ ነው፤ እኩል ይደርሳሉ። አባት አንድ ሲራመድ ግን ልጁ ሁለት ሦስቴ ይራመዳል። እግሩ አጭር ስለሆነ ነው። ትንሽ መንኮራኩርም እንደ ልጁ ነው። ዙሪያው አጭር ስለሆነ ከትልቁ ጋር እኩል ለመሮጥ ብዙ ጊዜ መዞር አለበት።

ይህንን በቃላችሁ ያዙት፦

በአንድ መንኮራኩር ላይ ዙሩ እኩል ነው፤ የዳር ሩጫው ይለያያል።

በቺንጋ በተያያዙ ሁለት መንኮራኩሮች ላይ የዳር ሩጫው እኩል ነው፤ ዙሩ ይለያያል።

ስንዝርና ሲባጎ

አባባና እኔ ሲባጎ አመጣን። ሞተሩ ቆሟል። በሞተሩ መንኮራኩር ዙሪያ ሲባጎውን አንድ ጊዜ ጠምጥመን፣ ጫፉ ከጫፍ ሲገጥም ቋጠርነው። ከዚያ ዘርግተን በአባባ ስንዝር ለካነው። 5 ስንዝር ሆነ። የተሰበረው አሮጌ መንኮራኩር ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ተጥሎ ነበር። እሱንም ለካን። 6 ስንዝር ሆነ። አዲሱን፣ እኔ ያስገዛሁትን፣ ለካን። 4 ስንዝር ብቻ ነው።

ከዚያ አባባ ከሰል አንሥተው በወፍጮ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጻፉ፦

የሞተሩ መንኮራኩር በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞራል። በየዙሩ 5 ስንዝር ቺንጋ ያሳልፋል።

600 × 5 = 3000 ስንዝር ቺንጋ በአንድ ደቂቃ

ይህ 3000 ስንዝር ቺንጋ በወፍጮው መንኮራኩር ላይም ያልፋል።

በአሮጌው፦ 3000 ÷ 6 = 500 ዙር

በአዲሱ፦ 3000 ÷ 4 = 750 ዙር

አባባ ከሰሉን አስቀመጡ። ቆርቆሮዋን እንደገና አዩ። «አምስት መቶ ብላናለች። እኛ ሰባት መቶ አምሳ አስሮጥናት። አላበደችም፤ አሳበድናት» አሉ።

ደንቡ ይኸው ነው። የአንደኛው መንኮራኩር ዙሪያ በዙሩ ብዛት ሲባዛ፣ የሁለተኛው ዙሪያ በዙሩ ብዛት ሲባዛ ከሚሰጠው ጋር እኩል ነው። በስንዝር ብትለኩ፣ በሳንቲ ሜትር ብትለኩ፣ ዙሪያውን ብትለኩ፣ ስፋቱን ብትለኩ መልሱ አይለወጥም። ሁለቱንም በአንድ መለኪያ መለካት ብቻ ነው። ስንዝር ከሆነም የአንድ ሰው ስንዝር ይሁን።

መፍጠኑ ለምን ጎዳ?

«ቢፈጥን ምን ይጎዳል? ቶሎ ይፈጫል እኮ» የምትሉ ትኖራላችሁ። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።

አንደኛ፣ ድንጋይና ድንጋይ ሲፋተግ ይሞቃል። እጃችሁን አሹና እዩት። ቶሎ ቶሎ ስታሹት ይፋጃል። ድንጋዩ በ500 ፈንታ በ750 ዙር ሲፋተግ ሙቀቱ በዛ፤ ዱቄቱም ተቃጠለ። ድንጋዩም ቶሎ ተበላ። ኩሽኔታውም ከልኩ በላይ ስለዞረ ነደደ።

ሁለተኛ፣ ዙር ሲጨምር ጉልበት ይቀንሳል። ድንጋይ ስትፈነቅሉ ረጅም ዲጂኖ ይሻላል ወይስ አጭር? ረጅሙ ነው። ሰፊ መንኮራኩር እንደ ረጅም ዲጂኖ ነው፤ ቺንጋው ከመሐሉ ራቅ ብሎ ይጎትተዋል። ትንሽ መንኮራኩር እንደ አጭር ዲጂኖ ነው። በትንሹ መንኮራኩር ያንኑ ድንጋይ ለማዞር ሞተሩ ከአቅሙ በላይ ጎተተ። ጥቁሩ ጭስ የዚያ ነው። ናፍጣው ቶሎ ያለቀው ለዚያ ነው። ናፍጣውን የሸጠው ሰው አልነበረም፤ ትንሹ መንኮራኩር ነበር የበላው።

ስብሰባው እንደገና

በቀጠሮው ቀን ማኅበርተኛው ከዛፉ ሥር ተሰበሰበ። እኔ ቀድሜ ተነሣሁ። ጉልበቴ ተንቀጥቅጧል። «ትንሹን መንኮራኩር ያስመረጥኩ እኔ ነኝ። ጥፋቱ የሠራተኛው አይደለም» አልኩ። ጉርምርምታ ሆነ። ከዚያ አባባ የተቋጠሩትን ሦስት ሲባጎዎች ከኪሳቸው አወጡና በየተራ ዘረጓቸው።

ሒሳቡን ያላመኑ ነበሩ። ያቺ ዱቄቱ የፈጃቸው እናት መጡና ሲባጎዎቹን በራሳቸው ስንዝር ለኩ። የእሳቸው ስንዝር አጠር ይላል። ግን የሞተሩ ከአሮጌው አነስ፣ አዲሱ ደግሞ ከሁሉም አነስ ማለቱ አልተለወጠም። ስብሰባው ካለቀ በኋላም ብዙዎች ወፍጮ ቤት ድረስ ሄደው ግድግዳውን አነበቡ።

ሊቀመንበሩ ወደ ሠራተኛው ዞረው «ይቅር በለን» አሉት። ከሥራው አልወጣም። የኩሽኔታው ዋጋ ከማኅበሩ ሣጥን ተከፈለ። ትንሹ መንኮራኩር ለነጋዴው ተመልሶ፣ ገንዘብ ተጨምሮበት ትልቁ መጣ። ወፍጮው ወደ 500 ዙሩ ተመለሰ። ዱቄቱም ለብ ከማለት አላለፈም።

ወረፋው እንደ ድሮው ረዘመ። አንድ ጎረምሳ «ምነው ያ ፈጣኑ በነበረ» ሲል እኒያ እናት «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ።

ትንሽ መንኮራኩር መጥፎ ነው?

አይደለም። እንደ ሥራው ነው። በገበያ ቀን የልብስ ሰፊውን የእግር መኪና ተመልከቱ። ከታች በእግር የሚዞር ትልቅ መንኮራኩር አለ። ከላይ ትንሽ አለ። የሚያያይዛቸው ቀጭን የቆዳ ቺንጋ ነው። የታችኛው ከላይኛው አራት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ ታች አንድ ጊዜ ሲዞር ላይ አራት ጊዜ ያህል ይዞራል፤ መርፌውም አራት ጊዜ ይወጋል። ለመርፌ ጉልበት ሳይሆን ፍጥነት ያስፈልጋል። ስለዚህ ትንሹ ከላይ ሆነ። ለድንጋይ ግን ጉልበት ያስፈልጋል።

ሞተርም ሁሉ እኩል አይዞርም። በእንግሊዝ አገር፣ ዳርስሊ በሚባል ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 መሠራት የጀመረው የሊስተር የናፍጣ ሞተር በደቂቃ 600 ጊዜ ይዞር ነበር። ከእሱ በኋላ የመጣው 650 ሆነ። የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ ብዙ ጊዜ 1400 አልፎ ወደ 1500 ይጠጋል። ከናፍጣ ወደ ኤሌክትሪክ ስትለውጡ መንኮራኩሩንም ካልለወጣችሁ ድንጋዩ ያብዳል። ሞተሩ 1440 ዙር ካለው፣ የእሱን መንኮራኩር 2 ስንዝር፣ የወፍጮውን 6 ስንዝር ብታደርጉ 1440 × 2 = 2880 ይሆናል። 2880 ÷ 6 = 480። ይህ ለ500ው ይቀርባል።

ልብ በሉ

ቺንጋው ከላላ ይንሸራተታል። ሲንሸራተት ወፍጮው ከሒሳባችን ያነሰ ይዞራል፤ ቺንጋውም ይቃጠላል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ደግሞ ኩሽኔታውን ይጎዳል። መሐከለኛ ይሁን።

ቺንጋው ቀጥ ብሎ ከተገጠመ ሁለቱ መንኮራኩሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ይዞራሉ። መሐሉ ላይ እንደ መስቀል ከተጠላለፈ ወደ ተቃራኒ ይዞራሉ። ድንጋዩ በየት በኩል መዞር እንዳለበት ሳታዩ አትግጠሙ።

ከሁሉ በላይ ይህንን አትርሱ። ያ ቺንጋ እንደሚጋልብ ፈረስ ይሮጣል ብያለሁ። የነጠላ ጫፍ፣ የጋቢ ዘርፍ፣ የተፈታ ጸጉር ከነካ ሰውን ይዞ ይሄዳል። ሞተሩ ሳይቆም ቺንጋ አይገባም፣ አይወጣም። ቺንጋው በእንጨት አጥር ወይም በሽቦ ወንፊት ይከለል። ልጆች ወደዚያ አይድረሱ።

እናንተም ሞክሩ

አንድ የቆርቆሮ ጣሳና አንድ ባዶ የክር እንጨት በሁለት ምስማር ጣውላ ላይ እንዲሽከረከሩ አድርጋችሁ ምቱ። በሁለቱ ዙሪያ ክር አስገቡና ወጠር አድርጋችሁ ቋጥሩ። በሁለቱም ላይ በጠመኔ አንድ ምልክት አድርጉ። ጣሳውን አንድ ጊዜ አዙሩ። የክር እንጨቱ ስንት ጊዜ ዞረ? ቁጠሩ። ከዚያ ሁለቱን በሲባጎ ለክታችሁ አካፍሉ። የቆጠራችሁትና ያካፈላችሁት ይቀራረባል።

አሁን ደግሞ አንድ ጥያቄ። የሞተሩ ዙር 600 ነው። የሞተሩ መንኮራኩር ዙሪያ 4 ስንዝር ነው። የወፍጮው መንኮራኩር 8 ስንዝር ነው። ወፍጮው በደቂቃ ስንት ጊዜ ይዞራል? መልሱን ሳታዩ ሥሩት።

በእኛ ወፍጮ ቤት የአባባ የከሰል ጽሑፍ ዱቄት እየሸፈነው ጠፋ። ሠራተኛው ግን በበሩ ላይ በቀለም እንደገና ጻፈው፦ «ሞተር 5፣ ወፍጮ 6»። መንኮራኩር ለመግዛት የሚወርድ ሁሉ አሁን ሲባጎ ይዞ ነው የሚሄደው።

ደኅና ሁኑ።

(የጥያቄው መልስ፦ 300 ዙር።)